መተማ የት ታድራለች?

መጋቢት ከገባ በኋላ መተማ ዮሐንስ ላይ ቤት ውስጥ መተኛት ቅጣት ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ የዋለ ቆርቆሮ ከመሸ በኋላም ሙቀቱን ቁልቁል ይለቃል፤ ግድግዳውም ያግዘዋል። ስለዚህ መኝታ ይወጣል። የጠፍር አልጋ ያለው አልጋውን፣ ፍራሽ ያለው ፍራሹን፣ ሁለቱም የሌለው ጆንያውን ይዞ ደጅ ላይ ያነጥፋል። በረንዳው፣ ግቢው፣ የመጋዘን ደረጃው፣ የቆመው ከባድ መኪና ሥር ሁሉ መኝታ ቤት ይሆናል። ከጣሪያ ሥር የሚያድረውና ከጣሪያ ውጭ የሚያድረው ሰው ቢቆጠር የትኛው እንደሚበልጥ ወር አይቶ ይለያያል።

ስለ ከተማ ፕላን ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው የመንገድ ስፋትን፣ የፎቅ ብዛትን፣ የኮሪደር ልማትን ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ያስኬድ ይሆናል። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ግን የፕላን ዋና ጥያቄ ማን የት ያድራል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ የፕላን ወረቀት ሲጠይቀው አይሰማም። ፕላኑ የሚያውቀው ይዞታ ያለውን ሰው ነው፤ ይዞታ የሌለው ሰው ደግሞ እዚህ አገር የኢኮኖሚው ምሰሶ ነው።

ከተማዋን ያቆሟት ራሳቸው አላፊዎች ነበሩ። ተክሩር የሚባሉት፣ ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው ወደ መካ ሲሄዱና ሲመለሱ የነበሩ ሙስሊም ተጓዦች እዚሁ ቀርተው ሰፈሩ፤ የጠረፉን ገበያም ያዙ። ከደጋው ቡናና ሰም ይወርዳል፣ ባሪያም ሳይቀር ይነዳል፤ ከወዲያ ጥጥና ጨርቅ ይመጣል። የተክሩር ሹማምንት አንዴ ለደጋው፣ አንዴ ሱዳንን ለያዙት ግብፆች፣ አንዳንዴም ለሁለቱም እየገበሩ ገበያቸውን አቆዩ። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በ1862 እ.ኤ.አ. ሲያልፍ ያገኛት ይህችን የሣር ጎጆና የንግድ ከተማ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የእሳት ታሪክ ነው። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማ ላይ የነበረውን የደርቡሽ ጦር ድል ነስተው ከተማዋን አቃጠሉ። በዓመቱ ደርቡሾች ጎንደር ድረስ ወጥተው ብድራቸውን መለሱ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን ሳይቀር አጋዩ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ሲደርሱ የጠበቃቸው በእሾህ አጥር የታጠረ ምሽግ ነበር። ዘሪባ ይሉታል። አጥሩ ተጣሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን በጥይት ተመተው ሞቱ። ከተማዋ ስማቸውን ይዛ ቀረች። በ1902 እ.ኤ.አ. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው የወሰን ውል ደግሞ አካባቢውን ለሁለት ከፈለው፤ ገላባት ወደ ሱዳን፣ መተማ ወደ ኢትዮጵያ ሆኑ። የሚለያቸው በበጋ ደርቆ በእግር የሚሻገሩት አንድ ወንዝ ነው። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በብርጋዴር ስሊም የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከዚያ ማዶ ተነሥቶ ገላባትን ከጣሊያን ቢያስለቅቅም መተማን መያዝ አቅቶት ቀረ።

እንዲህ ባለ ቦታ ሰው በሣርና በእንጨት መሥራቱ የድህነት ብቻ ምልክት አይደለም። ነገ ሊቃጠል የሚችል ቤት በሳምንት መልሶ የሚቆም ቢሆን ይሻላል። የቆላው ሰው በዚህ ስሌት ለረጅም ጊዜ ኖሯል። የጉሙዝ መንደሮች ቀርከሃና ሣር፣ የመተማ ጎጆዎች እንጨት፣ አገዳና ጭቃ፤ ሁሉም አየር ያስገባሉ፣ ሁሉም በቀላሉ ይነሣሉ።

ስሌቱን የቀየረው መንገዱ ነው። ከጎንደር በአዘዞ፣ በአይከል አድርጎ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ቁልቁል የሚወርደው አስፋልት ከ2,000 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ተነሥቶ 700 ሜትር ገደማ ላይ ያደርሳል። ነዳጅ፣ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ የሱዳን ሸቀጥ፣ ወደ ካርቱም የሚሻገር ወጣት፣ እሱን የሚያሻግር ደላላ፣ ሁሉም በዚሁ ሲመላለስ ኖሯል። ከተሞቹም መንገዱን ተከትለው ረዘሙ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ሸኽዲ የሚላት ገንዳ ውሃ፣ ኮኪትና መተማ ዮሐንስ በአንድ ክር ላይ እንደተሰኩ ዶቃዎች ናቸው። ፊታቸው ሱቅ፣ ጀርባቸው እርሻ ነው። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ለሦስት ሲከፈል ገንዳ ውሃ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ሆነች። ቢሮ፣ ቢሮኛ፣ የሚከራይ ቤት ፈላጊ፣ ቦታ ጠያቂ አብሮ መጣ። ቆርቆሮውና ብሎኬቱም በዚሁ መንገድ ወረዱ።

ቆርቆሮ ክፉ ነገር አይደለም። እሳት አይበላውም፣ ምስጥ አይበላውም፣ ዝናብ አያስገባም። እዚህ ቆላ ምስጥ ማለት ቀልድ አይደለም፤ ያልበላው ምሰሶ ማግኘት ከባድ ነው። ችግሩ ቆርቆሮው ብቻውን አለመምጣቱ ነው። የደጋ ቤት አብሮት ወረደ። የደጋ ቤት የሚሸሸው ብርድን ነው፤ መስኮቱ ትንሽ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ በሩ አንድ፣ ክፍሉ ጥልቅ ነው። ጎንደር ላይ ይህ ብልኃት ነው። መተማ ላይ ያው ቤት ምድጃ ይሆናል። ትምህርት ቤቱና ጽሕፈት ቤቱ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ደጋው ላይ በተሠሩበት ያው ንድፍ ነው፤ ንድፉ ሲባዛ ቴርሞሜትር ያየ የለም። ኮርኒስ፣ ከኮርኒሱ በላይ አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ፣ በትይዩ ግድግዳዎች ላይ ፊት ለፊት የተከፈቱ መስኮቶች፣ ረዘም ያለ የጣሪያ ክፈፍ፣ ቤቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አስረዝሞ ማቆም፣ እነዚህ ሁሉ ብዙ ብር የሚያስወጡ አይደሉም። መሐንዲሱም ያውቃቸዋል። ግን የግንባታ ፈቃድ ሲጠየቅ የሚታየው የካርታው ድንበርና የወለሉ ስፋት ስለሆነ ማንም አይጠይቃቸውም።

አገራችን በቆላ ከተማ ሠርታ አታውቅም እንዳይባል ድሬዳዋ አለች። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ የተቀየሰችው ከዚራ ዛሬም በሙቀት ሰዓት የሚሄዱባት ሰፈር ናት፤ ምክንያቱም የመንገዱ ዛፍ ከሕንፃው እኩል ታስቦበታል። ቀያሹ ዛፉን ለጌጥ አልተከለም፤ የባቡር ሠራተኛው በቀትር እንዲራመድ ነው። መተማም ሆነ ገንዳ ውሃ ላይ ኒም በደንብ ይበቅላል፤ ድርቅ ይችላል፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጥላ ይሰጣል። አንድ ሰው በሱቁ ደጅ ከተከለው ግን መንገዱ ሲሰፋ የመጀመሪያው ተቆራጭ ያው ዛፍ ነው። በወሰን ማስከበር የፈረሰ በረንዳ ካሳ ሊያስነሣ ይችላል፤ የተቆረጠ ጥላ ካሳ ሲያስነሣ አልሰማሁም።

ከግብፅ አንድ ነገር መዋስ ይቻላል። ሐሰን ፈትሒ የተባለው አርክቴክት በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሉክሶር አጠገብ ኒው ጉርና የተባለ መንደር በጭቃ ጡብ ሠራ። ጉልላታም ጣሪያ፣ የንፋስ መሳቢያ፣ ጥላ ያለው ግቢ፤ ለሙቀት አገር ሊሆን የሚገባው ሁሉ ነበረው። ቤቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሰዉ ግን አብዛኛው አልገባበትም። ቤታቸውን ጥለው እንዲመጡ የተወሰነላቸው እንጂ የመረጡ አልነበሩም። ፈትሒን የሚያደንቁ የእኛ አርክቴክቶች ይህን ግማሽ ታሪክ ሲያነሱ ብዙ አላይም።

ለእኛ ይህ ግማሽ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በደርግ ዘመን፣ ኋላም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ፣ መሬታቸው ከደከመ የደጋ ወረዳዎች ብዙ ሺህ አባወራዎች ወደ መተማና ቋራ ወርደው ሰፈሩ። የሁለተኛው ፕሮግራም ቃል ለአባወራ እስከ 2 ሄክታር መሬት፣ ካልተስማማውም በ3 ዓመት ውስጥ ተመልሶ የቀድሞ ይዞታውን የማግኘት መብት ነበር። መሬቱ ተቆጠረ፣ ቤቱም በረድፍ ተቀየሰ። መተማ ወረዳ ውስጥ ስማቸው ቁጥር የሆነ የሰፈራ መንደሮች ዛሬም አሉ። ሰፋሪው ያወቀውን ቤት ሠራ፤ የደጋውን። ወባን ግን አያውቃትም ነበር፤ ካላዛርንም እንዲሁ።

ካላዛር ጋ ስንደርስ አፈር፣ ቤትና መኝታ አንድ ላይ ይገናኛሉ። እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ እቆያለሁ።

የመተማ ሜዳ አብዛኛው ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ ይነፋል፣ ይጣበቃል፤ በጋ ሲሆን ይጨማደድና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ግንበኛ ይህን አፈር ይጠላዋል። መሠረቱ ካልጠለቀ ወይም አፈሩ ተቆርጦ በሌላ ካልተተካ ግድግዳው በሁለተኛው ክረምት ይሰነጠቃል፤ በር አልዘጋም ይላል፤ ወለል ይነሣል። ብዙ ሰው ይህን ለማድረግ ገንዘብ ስለሌለው ስንጥቁን በየዓመቱ በጭቃ እየመረገ ይኖራል። ያው የመሬት ስንጥቅ፣ ያው የግራር ሥር፣ ያው ኩይሳ ደግሞ የአሸዋ ዝንብ መደበቂያ ነው። ይህች ዝንብ ከወባ ትንኝ በብዙ ታንሳለች፤ ድምፅ የላትም፤ ረጅም አትበርም። ቀን ትሸሸጋለች፣ ሲመሽ ትወጣለች፤ የካላዛርን ተሕዋስ ከሰው ወደ ሰው የምታደርሰው እሷ ናት። በብዛት የምትታየው በደረቁና በሞቃታማው ወራት፣ ዝናቡ እስኪጠነክር ድረስ ነው። ሰው ከቤቱ ወጥቶ ደጅ የሚያድርበት ወቅትም ያው ነው። ቤቱ አልመች ሲል ሰውየው ወጥቶ የሚተኛው እሷ የምትጠብቀው ቦታ ላይ ነው።

ካላዛር ያልታከመ ሰውን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። ትኩሳቱ ይረዝማል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይከሳል። መድኃኒቱ አለ፤ የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀን በየቀኑ የሚወጋ የሁለት መድኃኒት መርፌ ነው። ለቀን ሠራተኛ 17 ቀን ማለት የአረም ወቅት አለፈ ማለት ነው፤ ገንዘቡን ይዞ ወደ ቤተሰቡ አይመለስም ማለት ነው።

ቀን ሠራተኛው እዚህ ሳሉግ ይባላል። ከሑመራ እስከ ቋራ ባለው የቆላ ቀበቶ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሳሉግ ከደጋው ይወርዳል። አንዱ ዙር በሐምሌና ነሐሴ ለአረም፣ ሁለተኛው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ለሰሊጥ አጨዳ ነው። ሰሊጥ አይጠብቅም፤ ፍሬው ከደረሰ በኋላ አንድ ሳምንት ከዘገየ ራሱን ከፍቶ መሬት ላይ ይበትነዋል። ስለዚህ ባለሀብቱ ሰው በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሰውም በአንድ ጊዜ ይመጣል። የገንዳ ውሃና የኮኪት መንገድ ዳር ሥራ በሚጠብቅ ወጣት ይሞላል። ማታ የሚያድረው በረንዳ ላይ፣ ገበያ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ፣ እርሻ ላይ ከሆነ ደግሞ በቅጠልና በሸራ ዳስ ሥር ወይም በግራር ጥላ ነው።

ይህ የቆላ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ወረዳ ውስጥ፣ ከፎገራ ሜዳ በላይ ባለው ደጋ፣ መድኃኒት አልሰማ ያለ ወባ ነው የተባለ ትኩሳት ሰው ፈጀ። በኋላ ሲጣራ ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት በወረዳው አይታወቅም ነበር፤ ወደ መተማና ሑመራ ለሥራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች እንዳመጡት ይታመናል። በዚያው ወረዳና በፎገራ የተካሄደ ጥናት ማታ ከግራር ሥር መተኛት ለበሽታው የሚያጋልጥ መሆኑን አሳየ። መኝታ ያጣ ሳሉግ የት እንደተኛ የወረዳው ከተማ አዲስ ዘመን አጠገብ ያሉ ቤተሰቦች ድረስ ተሰማ ማለት ነው።

ደጋው ለመንገደኛ የራሱ ሥርዓት ነበረው። የመሸበት ሰው በማንም ደጅ ቆሞ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ ሲል መደብ ይለቀቅለታል፤ እግሩም ይታጠብለታል። አሳፋሪው እንግዳውን መመለስ ነበር። ያ ሥርዓት ግን ለአንድ ለሁለት መንገደኛ የተሠራ ነው። አንድ ትንሽ ከተማ በአንድ ሳምንት አሥር ሺህ እንግዳ ቢመጣበት ደግነት ብቻውን አያሳድርም፤ ያኔ ማሳደሩ የንድፍ ሥራ ይሆናል፤ የጣሪያ፣ የውኃና የመጸዳጃ ሥራ።

አሁን ፕላኑን እንመልከት። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከተሞች መዋቅራዊ ፕላን እንዲኖራቸው፣ እሱም ለ10 ዓመት እንዲያገለግል ይደነግጋል። በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ተከተሉ። ሦስቱም የተረቀቁት በአንድ መነጽር ነው፤ ቦታ ከፍሎ ለያዘ፣ በቦታው ላይ ሊገነባ ለሚችል ሰው። ለመኖሪያ ይህን ያህል ሄክታር፣ ለንግድ ይህን ያህል፣ ለአረንጓዴ ይህን ያህል ተብሎ ቀለም ይቀባል። የሕዝቡ ብዛት የሚሰላው ከነዋሪው ቆጠራ ተነሥቶ በዕድገት መጠን እየተባዛ ነው። በጥቅምት ከነዋሪው ጋር የሚተካከል እንግዳ የሚያስተናግድ ከተማ በዚህ ስሌት ውስጥ በግንቦት ያለው ከተማ ብቻ ነው። ቧንቧው፣ መጸዳጃው፣ ጤና ጣቢያው ሁሉ ለግንቦት ተለክቷል።

ዕቃው ከሰው የተሻለ ቦታ አለው ብል ማጋነን አይሆንም። የሰሊጥ ንግድ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ውስጥ ከገባ ወዲህ ሰሊጥ ደረጃ አለው፤ ሲረከቡት እርጥበቱ ይለካል፣ ንጽሕናው ይታያል፣ በመጋዘን ውስጥ ከመሬት ከፍ ብሎ ይደረደራል። ትክክል ነው፤ ሰሊጥ መሬት ላይ ቢቀመጥ ይበላሻል። ያጨደው ሰው ግን መሬት ላይ ይተኛል።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ይህ ሁሉ በአንድ ወር ታየ። ከካርቱም የሸሸው ሰው የመጀመሪያ ቀናቱን ያሳለፈው የድንበሩ ማዶና ወዲህ ሜዳ ላይ ነው፤ ሱዳናዊ፣ ኤርትራዊ፣ ከዓመታት በፊት በዚያው መንገድ የሄደ ኢትዮጵያዊ፣ የሌላ አገር ዜጋም ጭምር። የረድኤት ድርጅቶች ሸራ ዘረጉ፤ ኋላ ኩመርና አውላላ ላይ ካምፕ ተከፈተ። ከተማዋ ለሥራ ፈላጊ ቀርቶ ለዘወትር መንገደኛ እንኳ ያላዘጋጀችውን የማደሪያ ቦታ በአንድ ጊዜ ለብዙ ሺህ ስደተኛ ማቅረብ ነበረባት። እዚህ ላይ የአካባቢው ሰው ያደረገውን መካድ አይቻልም፤ ውኃና እንጀራ ይዞ የወጣው መጀመሪያ እሱ ነው። ግን ሰውዬው ራሱ የሰላም እጦት ያደከመው ነው። በ2011 ዓ.ም. በዚህና በማዕከላዊ ጎንደር በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰዷል፤ በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ድንበሩ ላይ ባለው አልፋሽጋ እርሻዎችን ሲይዝ የገበሬው ካምፕና ማሽን ማዶ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውንም የአማራ ክልል ጦርነት አንባቢ ያውቀዋል። ሰው ቤቱን ለዘለቄታ እንዲሠራ ነገ እንደማይቃጠል ማመን አለበት። ከተማው ዛፍ ሲተክልም እንዲሁ ነው።

ታዲያ ምን ይሠራ ለሚለው መልሴ ትልቅ አይደለም። ባለ ስምንት ፎቅ ሆቴልም ሆነ ኮንዶሚኒየም የሳሉግን ችግር አይፈታም፤ እሱ ለሁለት ወር መጥቶ የሚሄድ ሰው ነው፣ ለኪራይ የሚከፍለው የቀን ምግቡን ነው። የሚያስፈልገው ክፍት ጎን ያለው፣ ከመሬት ከፍ ያለ ወለል ያለው፣ ምሰሶውና ጣሪያው የጸና አዳራሽ ነው። አጠገቡ ቦኖና መጸዳጃ፣ ዙሪያው ኒም፤ ግራርና ኩይሳ ግን ከመኝታው የራቀ። ሦስት ቦታ ቢቆም ብዙ ይለውጣል፤ ገንዳ ውሃ መናኸሪያ አካባቢ፣ ኮኪት መግቢያ፣ መተማ ዮሐንስ የጭነት መኪና ማቆሚያ ዘንድ። ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ሳሉጉም፣ የመሸበት ገበያተኛም ያድርበታል።

እርሻው ላይ ያለውን ደግሞ ከተማው አይችለውም፤ የባለሀብቱ ነው። መቶ ሄክታርና ከዚያ በላይ መሬት በኪራይ የያዘ ሰው የመሬት ውሉ ላይ ስንት ሄክታር እንደሚያለማ ይፈርማል። ለስንት ሰው መኝታ እንደሚያዘጋጅም አብሮ ቢፈርም ምን ይከብዳል? ሁሉም ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ዳስና ውኃ የሚያቀርቡ አሉ። ግን የአንዱ ደግነት ለሌላው ኪሳራ መሆን የለበትም፤ ሁሉም እኩል ከተገደደ ለሠራተኛው ያወጣ ባለሀብት በሰሊጡ ዋጋ ላይ አይበለጥም።

በአጎበርም ነገሩን ማየት ይቻላል። ጤና ሚኒስቴር በኬሚካል የተነከረ አጎበር ያድላል፤ ለወባም ለአሸዋ ዝንብም ይረዳል። ነገር ግን አጎበር ሊታሰርበት የሚገባ ነገር ይፈልጋል። ሜዳ ላይ ጆንያ አንጥፎ የተኛ ሰው አጎበሩን የሚያስርበት የለውም፤ ጠቅልሎ ትራስ ያደርገዋል። ከዚህ በላይ አርክቴክቸር ምን እንደሆነ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም፤ አራት ምሰሶና አንድ ጣሪያ፣ ከላይ ገመድ የሚያሳልፍ።

ምሰሶው ግን ሰሊጥ ሲደርስ አይተከልም። ዝናቡ ሰኔ ላይ ሲጠና ዋልካው ይዘጋል፤ ከአስፋልት የወጣ መኪና እዚያው ይሰምጣል፣ ሲሚንቶም እንጨትም ወደ እርሻው አይደርስም። የመስከረም መኝታ በግንቦት ውስጥ መቆም አለበት፤ በጀቱም ከዚያ ቀድሞ፣ ሳሉጉ ገና ደጋው ላይ ሳለ፣ ማንም ገንዳ ውሃ ላይ ሳያየው መጽደቅ አለበት።